ከሸዋ በር እስከ ሱትሪ ነደባ

የጀጎልን ካርታ አንድ የከተማ ፕላን ባለሙያ ፊት ብትዘረጉለት መጀመሪያ የሚፈልገው አረንጓዴ ቀለም ነው፤ አያገኝም። ጀጎል፣ በግንብ የተከበበው አሮጌው ሐረር፣ ስፋቱ 48 ሄክታር ግድም ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ቦታዎች ቆጥሮለታል። የቀረው ገበያ፣ ቤት፣ በቤትና በቤት መካከል ደግሞ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፍበት መንገድ ነው። ዛፍ የተሰለፈበት ጎዳና የለም። አግዳሚ ወንበር የለም። ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት ተብሎ የተተወ ሜዳ የለም። ባለሙያው በዘመኑ መመዘኛ ከመዘነው በሪፖርቱ ላይ «ለመዝናኛ የተመደበ ቦታ፦ የለም» ብሎ ይፈርማል።

ታዲያ ከአራት መቶ ዓመት በላይ በአንድ ግንብ ውስጥ ተጠጋግቶ የኖረ ሕዝብ የት ነበር የሚያርፈው? የት ነበር የሚጫወተው? ሰው ከሰው ሸሽቶ ለብቻው መሆን ሲያምረው ወዴት ይሄድ ነበር? ሐረር ይህን ሁሉ የመለሰችው በአንድ ሥፍራ ነው እላለሁ፤ በቤቷ። ማረፍንና መኖርን ለሁለት ከፍላ አንዱን ለግቢ ሌላውን ለመናፈሻ አልሰጠችም። መልሷ ግን እንዲሁ የሚደነቅ ብቻ አይደለም። ዋጋ የተከፈለበት ነው፤ ከፋዩም ሁልጊዜ በቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው አልነበረም።

ነገሩን ለማየት ከሸዋ በር መነሳት ይሻላል። ከጀጎል አምስት ጥንታውያን በሮች አንዱ ነው፤ ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል። ሌሎቹ ፈላና፣ ኤረር፣ ሰንጋና ቡዳ በር ናቸው። ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ መሆኑን የማያውቅ የሐረር ልጅ የለም። ስድስተኛው ሐረር በር ከብዙ ዘመን በኋላ ለመኪና ተብሎ የተከፈተ ነው፤ በእሱ በኩል የገባ እንግዳ ከተማዋን በመስታወት ውስጥ አይቶ ፈረስ መጋላ ላይ ይወርዳል። ሸዋ በር እንዲህ አይደለም። ከበሩ ውጭ ያለው ገበያ ያስቆማል። ማገዶ የተሸከሙ የኦሮሞ ሴቶች፣ ሸክላ የደረደሩ፣ ቅመም በጥቃቅን ክምር የዘረጉ፣ ጫት በኮባ ጠቅልለው የሚጣሩ፣ ከመኪና ጎማ ጫማ የሚቆርጡ፣ ጣሳ ቀጥቅጠው ኩራዝና ማንቆርቆሪያ የሚያወጡ። ባጃጁ በመካከላቸው እያጮኸ ይሽሎከሎካል። የሐረር ወሬ፣ ቀልድ፣ ስድብና ድርድር አብዛኛው እዚህ ነው የሚካሄደው፤ ገበያ ቀን ለገበሬው ሥራም መዝናኛም ነው፤ ሸጦ፣ ገዝቶ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ ሙግት ሰምቶ ይመለሳል።

በሩን አልፈው ጥቂት ከሄዱ በኋላ አንዱን ጠባብ መንገድ ይዘው ሲታጠፉ ድምፁ ይወርዳል። ግራና ቀኙ ግድግዳ ነው፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ የተቀባ። መስኮት በዐይን ደረጃ አይገኝም። ሰው ቤት አጠገብ እያለፉ የሰው ቤት አያዩም። መንገዶቹ 368 ናቸው ይባላል፤ ከመካከላቸው በጣም የጠበበችውን አስጎብኚዎች የሰላም መንገድ ይሏታል፦ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ከተገናኙ አንዱ ለአንዱ ሳይናገር ማለፍ ስለማይችል ነው አሉ። ለቱሪስት የተቀመመ ተረት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም መንገዱ የመጓጓዣ ብቻ ሳይሆን የጠባይ ማረሚያ ተደርጎ እንዲታይ የሚፈልግ ሕዝብ እንዳለ ይነግረናል።

ከመንገዱ ቀጥሎ የአባዱ በር አለ። አባድ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቤቶች የሚጋሩት ግቢ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዘመዳሞች የሚኖሩበት። ልብስ የሚታጠበው፣ በርበሬ የሚሰጣው፣ ሕፃን ዳዴ የሚለው እዚያ ነው። አባዱ የመንገድ አይደለም፤ የቤትም አይደለም። አንድ የሐረር ልጅ ዓለምን የሚያውቀው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ አባድ፣ ቀጥሎ ኡጋ የሚሉት መንገድ፣ ቀጥሎ ቶያ የሚሉት ሰፈር፣ ቀጥሎ በር። እያንዳንዱን ደፍ ሲሻገር የሚያየው ሰው ይበዛል፤ የሚያውቀው ሰው ያንሳል። ሴት ልጅ ሁለት ደፍ ያህል ስትርቅ የምትለብሰው ይለወጣል፤ ሽማግሌ አንድ ደፍ ሲቀርብ ድምፁን ያሰማል። ይህን ማንም በጽሑፍ አላስተማረም።

ጌይ ጋር የሚባለው የሐረሪ ቤት ከውጭ ሲታይ ምንም አይደለም። ከአካባቢው ድንጋይና ከጭቃ የተሠራ፣ አራት ማዕዘን፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ፊቱ ዝግ። የተጠረበው የእንጨት በር ብቻ ነው ጌጡ። በሩ ሲከፈት ግን ዐይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቀይ መሬት ላይ ነው። ወለሉና መደቦቹ በቀይ አፈር የተቀቡ ናቸው፤ ይህ ቀይ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው የሚል ትውፊት አለ። ዳግማዊ ምኒልክ የመጨረሻውን አሚር አብዱላሂን ድል ነሥተው ከተማዋን የያዙት በዚያ ጦርነት ነበር። ስለዚህ በትውፊቱ መሠረት ሐረሪው ቡናውን የሚጠጣው፣ ልጁን የሚድረው፣ ጫቱን የሚቅመው በሽንፈቱ መታሰቢያ ላይ ተቀምጦ ነው። ሐውልት አላቆመም፤ የሚያርፍበትን ቦታ ቀባ። እኔ ከማውቃቸው የጦርነት መታሰቢያዎች ሁሉ እንደዚህ በየቀኑ የሚጠረግና የሚቀመጡበት አላየሁም።

መደቦቹ ነደባ ይባላሉ፤ ጊዲር ጋር በሚሉት ዋናው ክፍል ውስጥ አምስት ናቸው። አሚር ነደባ የክብር ነው፤ የቤቱ ጌታ ወይም ከእሱ የሚበልጥ እንግዳ ይቀመጥበታል። ጊዲር ነደባ ሰፊው ነው፤ ቤተሰብና እንግዳ ይዘረጋበታል። ጢት ነደባ ትንሹ። ገብቲ አሔር ነደባ ከበሩ ጀርባ ያለው፤ ወጣቱና ማዕረግ የሌለው የሚጠጋበት። ሱትሪ ነደባ ደግሞ የተሸሸገው ነው፤ ገብቶ ደፉ ላይ የቆመ ሰው ዐይኑ በቀላሉ አይደርስበትም። በመካከላቸው ግድግዳ የለም። የሚለያቸው ከፍታ፣ ጥግና ልማድ ነው። ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ ጫማውን አውልቆ ዐይኑን ወዲያና ወዲህ አንድ ጊዜ ከጣለ በኋላ የት እንደሚቀመጥ ያውቃል፤ ካላወቀ እንግዳ ነው፤ ያን ጊዜ ያስቀምጡታል።

ግድግዳው ለራሱ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች፣ በላያቸው ቁርአንና ሳህን፤ ከዚያ በላይ እስከ ጣሪያው የተሰቀሉ የስፌት ሥራዎች፣ አንዳንዱ ለሠርግ የመጣ፣ አንዳንዱ ለአማት የተሰፋ። ከበሩ በላይ ባለው አግዳሚ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ከታየ በቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ለማያውቅ ዕቃ ነው፤ ለሚያውቅ ማስታወቂያ ነው። የቤቱ ምስጢርና የቤቱ አዋጅ በአንድ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀሉት።

ከጊዲር ጋር ጎን ኪርታት አለ፤ በተፈለፈለ እንጨት የተከለለ ጠባብ ክፍል። ሙሽሮች የጫጉላ ቀኖቻቸውን የሚያሳልፉት እዚያ ነው፤ ምግባቸውም በትንሽ መስኮት ይገባላቸዋል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ የዛሬ ወጣት ይስቃል። እሱ ጫጉላ ሲባል የሚያስበው ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ገንዘብ ካለው ደግሞ ዛንዚባር ነው፤ ማንም የማያውቀን ቦታ። ሐረር ግን ሁለቱን ሰዎች በሕይወታቸው ውስጥ እጅግ የግል በሆነው ቀን፣ በቤቱ ውስጥ ሕዝብ ከሚበዛበት ክፍል አንድ ሳንቃ ራቅ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ወዲያ ማዶ ዘመድ ይዘፍናል፣ አክስቶች ያወራሉ፣ ሕፃን ያለቅሳል። ወዲህ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች መተዋወቅ ይጀምራሉ። ለሙሽራዋ ይህ ምን ያህል እንደሚመች ወንድ ሆኜ አልፈርድም። የግል ማለት እዚህ ቤት ውስጥ ሰው አለመስማቱ እንዳልሆነ ግን ግልጽ ነው። ሰው እየሰማ እንዳልሰማ መሆኑ ነው። ሳንቃው ድምፅ አይከለክልም፤ የሚከለክለው ከሳንቃው ወዲያ የተቀመጡት ሰዎች ጨዋነት ነው። ቤቱን የሠራው ግንበኛ ግማሹን ሥራ ለእነሱ ትቶላቸዋል።

በዚህ ቤት ውስጥ «መኝታ ቤት»፣ «መመገቢያ»፣ «እንግዳ መቀበያ» ብሎ ለይቶ መጥራት አስቸጋሪ ነው። ጠዋት ልጆች የተኙበት መደብ ከቀትር በኋላ በርጫ ይያዝበታል። በርጫ ጫት መቃም ብቻ አይደለም። ከምሳ በኋላ የሚጀምር ሸንጎ ነው፤ የንግድ ሒሳብ፣ የዘመድ ክርክር፣ የሃይማኖት ንባብ፣ ቀልድ፣ ዝምታ። በመካከሉ ቁቲ፣ ያ ከቡና ቅጠል የሚፈላው፣ ይዞራል። አፎቻ የሚሉት ማኅበር፣ የወንዱም የሴቱም፣ ሠርግንና ሐዘንን የሚያደራጀው በእነዚሁ መደቦች ላይ ተቀምጦ ነው። ሬሳም ከዚያው ይወጣል። ለደስታ የተለየ፣ ለሐዘን የተለየ፣ ለእንቅልፍ የተለየ ቦታ የለም፤ ያው መደብ እንደ ሰዓቱና እንደ ተቀማጩ ይለወጣል።

ከቤት የሚወጣ ደስታም አለ። ሐሙስ ማታ በአው አባድር የአውልያ ቦታ ዚክር ይደረጋል፤ ከበሮ ይመታል፣ ከበል የሚሉት እንጨት ይጋጫል፣ ቡና ይቀርባል። የሮመዳን ጾም አልፎ የሸዋል ስድስት ቀን ጾም ሲፈጸም ሹዋሊድ ይመጣል፤ ወጣቶች ዓመቱን ሙሉ በግንብ ተጋርዶ የቆየ ዐይናቸውን ገልጠው የሚተያዩበት በዓል ነው። ፈላና በርና ኤረር በር አካባቢ ባሉት የአውልያ ቦታዎች ይከበራል፤ ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ከተማዋ ለደስታ መድረክ ስትመርጥ መካከሏን ሳይሆን በሮቿን መምረጧ ለእኔ ከነደባዎቹ ጋር አንድ ሐሳብ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚጠበቀው ደፍ በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ሰው ፊት ይፈታል። ጅቡ እንኳ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ድርሻ አለው፤ ከግንቡ ሥር በተተዉት ቀዳዳዎች ሌሊት ገብቶ የከተማዋን ጥራጊ በልቶ ሳይነጋ ይወጣል።

በሌላው ዓለም ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ሮቢን ኢቫንስ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጣጥፍ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ጠየቀ፦ መተላለፊያ ኮሪደር በቤት ውስጥ መቼ ገባ? በጥንቱ የጣልያን ቪላ ክፍል በክፍል ውስጥ ነበር የሚታለፈው፤ አንዱ ክፍል ብዙ በር ነበረው፤ ሰው ሲሄድ ሰው ላይ ይደርስ ነበር። በእንግሊዝ አገር ግን እ.ኤ.አ. በ1650ዎቹ ሮጀር ፕራት ኮልስሒል የሚባለውን የመኳንንት ቤት ሲሠራ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ኮሪደር አኖረበት። ምክንያቱንም ሳያፍር ተናገረ፤ አሽከሮች ወዲያና ወዲህ ሲሉ ጌቶች ፊት እንዳይታዩ ነው። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1952 በእሳት ወደመ። ሐሳቡ ግን አልወደመም፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ በእሱ ውስጥ ይኖራል። እያንዳንዱ ክፍል አንድ በር፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ክፍል፣ መካከሉ ማንም የማይቀመጥበት መተላለፊያ። ሰው ከሰው የሚገናኘው ሲፈልግ ብቻ ሆነ፤ ሲፈልግ ደግሞ ከቤቱ ወጥቶ መሄድ አለበት። መናፈሻ፣ ካፌ፣ ክበብ፣ ሲኒማ ቤት የግድ የሆኑት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ይመስለኛል።

ይህ ቤት አዲስ አበባ ሲደርስ የተለየ መልክ ያዘ። ሳሎን የሚባል ክፍል አለን፤ የቤቱ ትልቁና የሚያምረው እሱ ነው፤ የቤቱ ሰው ግን አይቀመጥበትም። ሶፋው በዳንቴል ተሸፍኗል፣ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ለማይመጣ እንግዳ ይወለወላሉ፣ ልጆች «እዚያ አትግቡ» ይባላሉ። ቤተሰቡ ማድ ቤቱ በር ላይ ዱካ አውጥቶ ነው የሚጫወተው። ጊዲር ጋር ሁሉም የሚኖርበት ሆኖ የሚያምር ክፍል ነበር፤ ሳሎናችን የሚያምር ሆኖ ማንም የማይኖርበት ነው። ከሰፋፊው የግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ሲወረድ ደግሞ ነገሩ ይጠባል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ለብዙ ሺህ ሰው ውኃ፣ መብራትና የራሱ ቁልፍ የሰጠ ነው፤ የሚያናንቀው ሰው የቀበሌ ቤት ውስጥ አልኖረም። ነገር ግን ከመኝታው ወደ ደረጃው አንድ በር ነው። ከደረጃው ወደ መንገዱ አንድ ነው። አባድ የለም፤ አባድን የሚተካ ነገርም የለም። ሰው ወይ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ነው፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ውጭ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው የሐረርን ቤት እንደ ገነት እየሳልኩት መስሎት ይሆናል። ገነት አልነበረም። አምስቱ ነደባዎች ሰው በየማዕረጉ የሚደረደርባቸው ናቸው፤ ከበሩ ጀርባ የተቀመጠው ወጣት ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ሁሉም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል። ከመደቡ በታች ያለው ቀይ ወለል ላይ የሚመላለሰው ማን ነው? ቁቲውን ያፈላችው፣ ጫቱን ያቀረበችው፣ ከእንግዳው በኋላ ጥራጊውን የምትጠርገው? ፕራት አሽከሮቹን በኮሪደር ሸሸጋቸው፤ ሐረር አልሸሸገቻቸውም፤ እንዲቀመጡም አላደረገች። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም፤ ከትንሽ ግን ብዙም አይበልጥም።

የሚበልጠው ጥያቄ በሸዋ በር ወዲያኛው ወገን ነው ያለው። እ.ኤ.አ. ከ1647 ጀምሮ በገዛው በአሚሮቹ ሥርወ መንግሥት ዘመን የከተማዋ በሮች ሲመሽ ይዘጉ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ገብቶ አሥር ቀን ያህል የተቀመጠባት ሐረር ለባዕድ የተዘጋች በመሆኗ ስሟ የገነነ ነበር። ቀን ቀን ማሽላውን፣ ማገዶውን፣ ቡናውን ያስገባው ገበሬ ሲመሽ ወደ ውጭ ይመለሳል። በከተማዋ ውስጥ የነበረው ጸጥታ፣ ያ ቤቱ ፊቱን ወደ መንገድ ሳያዞር እንዲኖር ያስቻለው መተማመን፣ በከፊል ከግንቡ የመጣ ነው። ነደባው ላይ ያለ ሰው በር ሳይቆልፍ መተኛት የቻለው ሌላ ትልቅ በር ስለተቆለፈለት ነው። ከበሩ ውጭ ያደረው ሰው ነደባ አልነበረውም። ስለ ሐረር ቤት ውበት የሚጽፉ ሰዎች፣ የውጭዎቹ በተለይ፣ ይህን ሒሳብ ሲያወራርዱ አላየሁም።

ከ1879 ዓ.ም. በኋላ በሩ ተከፈተ፤ በጉልበት ቢሆንም ተከፈተ። ራስ መኮንን ሲያስተዳድሩ ሕንዶችና ሌሎች ነጋዴዎች ገቡ። የሕንድ ቤት የሚባለው ባለ ፎቅ ያኔ መጣ፤ ከላይ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ ወደ መንገድ የሚያይ። ይህ በሐረር ታሪክ አዲስ የዕረፍት ዓይነት ነበር፦ ከፍ ብሎ ተቀምጦ መንገደኛ ማየት፣ በመንገደኛም መታየት። ጌይ ጋር ውስጥ ያረፈ ሰው ከተማዋን ረስቶ ያርፋል፤ በረንዳ ላይ ያለው ከተማዋን እንደ ትርኢት እያየ። ዛሬ ጎብኚዎች የሚጎርፉበት፣ በፈረንሳዊው ባለቅኔ ስም የሚጠራው የራምቦ ቤት የዚህ ዓይነት ነው፤ ባለቅኔው ራሱ ግን አልኖረበትም፤ ከእሱ በኋላ የተሠራ ነው። የሸሪፍ ሙዚየም ያለበት የራስ ተፈሪ ቤትም የዚያ ዘመን ጣዕም ልጅ ነው። ሁለቱ ዓይነቶች ተዳቅለው ሦስተኛ ቤት ወልደዋል፤ ከታች ነደባ፣ ከላይ በረንዳ። ለእኔ ከሦስቱ ሁሉ ይህ ዲቃላ ነው የሚጥመኝ፤ የሁለቱንም ሐሳብ ሳይመርጥ ተሸክሟልና።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ለአዲስ አበባ ብቻ የወጣ አልነበረም። ለአንድ ቤተሰብ ተሠርቶ የነበረ ቤት የቀበሌ ቤት ሲሆን ለሁለትና ለሦስት ቤተሰብ ይከፈላል፤ ይህ በመላ አገሪቱ የታየ ነው። ግድግዳ የሌለው ጊዲር ጋር ግን መከፈል የማይወድ ቤት ነው። በኮምፔርሳቶ ወይም በመጋረጃ ሲጋረድ አሚር ነደባ የአንዱ ቤተሰብ መኝታ፣ ጢት ነደባ የሌላው ማድ ቤት ይሆናል። ጨዋነቱ ሲሠራው የነበረውን ሥራ ኮምፔርሳቶው እንዲሠራ ተጠየቀ፤ አይችልም። የማይተዋወቁ ሰዎች እየሰሙ እንዳልሰሙ ለመሆን ምክንያት የላቸውም። በሌላ በኩል፣ ከሸዋ በር ውጭ ያድሩ የነበሩት የገበሬዎች ልጆች፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌው በግንቡ ውስጥ ቤት ያገኙበት መንገድ አንዱ ይኸው ነበር። ቤቱ ተበላሸ፤ ከተማዋ ግን ሰፋች። ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር የማይወዱ ሰዎች በየወገኑ አሉ።

አሁን ደግሞ ሌላ ዘመን ነው። ከጀጎል ቤቶች አንዳንዶቹ የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል፤ ጎብኚው ከፍሎ ነደባ ላይ ያድራል፣ የስፌቶቹን ፎቶ ያነሣል። ይህ ለባለቤቱ እንጀራ ነው፤ ጣሪያውንም ከመፍረስ ያድናል። ክፉ አልለውም። ነገር ግን ማደሪያ ሆኖ የተሸጠ ነደባ ከአምስት ወደ አንድ ይወርዳል፤ ሁሉም የከፈለ ሰው መደብ ነው። በግንቡ ዙሪያ የኮሪደር ልማቱ እግረኛው የሚሄድበት ንጹሕ ንጣፍ፣ መብራትና መቀመጫ አምጥቷል፤ ጅብ ማብላቱም ቦታ ተበጅቶለት ትርኢት ሆኗል። ማታ ማታ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ግንቡን ተደግፎ ሲቀመጥ አይቼ ደስ ብሎኛል፤ በተለይ እናቶች፣ ድሮ ከበር ወጥቶ መቀመጥ ምክንያት ይጠይቃቸው የነበሩት። አዲስ አበባም በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አንድነት፣ እንጦጦና ወዳጅነት ፓርኮችን ከፍታለች። ፓርክ አያስፈልግም የሚል ሰው ልጅ ይዞ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የክረምት ዕረፍት አሳልፎ አያውቅም።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። መናፈሻ ከቤቱ የራቀ ነገር ነው፤ ልብስ ለውጦ፣ ታክሲ ይዞ፣ ገንዘብ ቆጥሮ የሚኬድበት። ሐረር የነበራት ደግሞ ከቤቱ ያልራቀ፣ ቤትም ያልሆነ ነገር ነው። ባለሥልጣን የጌይ ጋርን ባህል «ወደ ዘመናዊው ግንባታ ማምጣት» ሲል በአብዛኛው የሚያስበው የሆቴል መግቢያ ላይ ቀይ መደብ ሠርቶ ስፌት መስቀልን ነው። ስፌቱ ቢቀር ይሻላል። መውሰድ የሚገባው አባዱ ነው፦ ለአራት ወይም ለስድስት በር ብቻ የሆነ፣ ሰፈሩ ሁሉ የማይሄድበት፣ አንዲት አሮጊት ተቀምጣ ማን እንደገባ የምታይበት ቦታ። በደረጃው መድረክ ላይ ሦስት ካሬ ሜትር መጨመር ነው። መሐንዲሶች ይህን ስነግራቸው ስለ ወጪ ያነሣሉ፤ ልክ ናቸው፣ ሦስት ካሬ በብሎክ በፎቅ ሲባዛ ብዙ ነው።

ኮንዶሚኒየሞቹ ሲነደፉ ይህ ጨርሶ ያልታሰበ ነገር አልነበረም። በየሳይቱ የጋራ መጠቀሚያ ቤት ተብሎ የተለየ ሕንፃ ተሠርቷል፦ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ሐዘን የሚቀመጡበት። ኢትዮጵያዊ ቤቱ ውስጥ ብቻ እንደማይኖር የገባው ሰው እንደነደፈው ያስታውቃል። ያረፈው ግን ከብሎኮቹ ተለይቶ፣ የማንም በር በማይከፈትበት በኩል ነው፤ በአንዳንዱ ሳይት መጋዘን ሆኗል፣ በአንዳንዱ ተከራይቷል። ሐዘን የደረሰበት ሰው ለቅሶ ለመቀመጥ መጀመሪያ የኮሚቴውን ሊቀመንበር ፈልጎ ቁልፍ ያስፈቅዳል። ሊቀመንበሩ ሥራ ላይ ነው። እስኪመጣ ድረስ ለቀስተኛው ደረጃው ላይ ተደርድሮ ይቆማል፤ ከላይ የሚወርደውም ከታች የሚወጣውም «ይቅርታ» እያለ በመካከላቸው ያልፋል።